አቤቱታ ወደ ባንጁል

የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 56 አቤት ባዩን፣ በቅድሚያ የአገርህን ፍርድ ቤት ጨርስ ይለዋል። ቻርተሩ የተረቀቀው ባንጁል ላይ ነው፤ አስተናጋጁም የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ ነበሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ገለበጧቸው። ከስደት ሆነው ለአፍሪካው ኮሚሽን አቤት አሉ። የኮሚሽኑ መቀመጫ የት ሆነና? እዚያው ባንጁል!

መንግሥት መች ፍርድ ቤታችንን ሞከሩና ብሎ ተከራከረ። ላዩን ሲያዩት ደህና ክርክር ነው። ግን የፍርድ ቤቶቹን ሥልጣን ወታደሮቹ ራሳቸው በአዋጅ ገፈዋል። ሰውየውስ ቢመለሱ ማን ዋስ ይሆናቸዋል? ኮሚሽኑ በ2000 ሲወስን፣ መፍትሔው የሚገኝ፣ የሚያዋጣና የሚበቃ መሆን አለበት፤ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ተመልሶ እንዲሟገት አይጠየቅም አለ። ቻርተሩም መጣሱን አረጋገጠ። ጃዋራ አገራቸው የገቡት ግን በ2002፣ ያው የገለበጣቸው መንግሥት ምሕረት ካደረገላቸው በኋላ ነው።