ጦጣዋ ያልነካችው ፊደል

ክፍል ውስጥ “ቴስት መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው” እያላችሁ ስትከራከሩኝ የነበራችሁ ልጆች፣ ዛሬ የአንዲት ጦጣ ታሪክ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አፕል የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለማውጣት ሽር ጉድ ይላል። የማሽኑ ሚሞሪ 128 ኪሎባይት ብቻ! ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ማክራይትና ማክፔይንት ሚሞሪ ሲያጥርባቸው ምን እንደሚሆኑ ሰው ቁጭ ብሎ ሞክሮ አይጨርሰውም። ስለዚህ ስቲቭ ካፕስ የተባለ ፕሮግራመር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈና ስሟን ጦጣ አላት። ማውሱን ባገኘችበት ትጫናለች፣ ቁልፉን በዘፈቀደ ትመታለች፣ አይደክማትም። መስኮትና ሜኑ ያለውን ሶፍትዌር በራሱ እንዲፈተሽ ካደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዷ እሷ ናት።

የሚሞሪ እጥረት ቁጠባንም አስተምሯል። ማኪንቶሽ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት የመጀመሪያዋ ባይት ላይ ይይዝ ነበር። ርዝመቱን ለማወቅ ከዳር እስከ ዳር መቁጠር ቀረ፤ ፈጣን ነው፤ ግን ከ255 ባይት አያልፍም። አንድ ፊደል አንድ ባይት ለሆነበት እንግሊዝኛ ይህ እኮ ብልህ ዘዴ ነበር።

የእኛስ ፊደል? በ1992 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ዩቲኤፍ-8ን የጠረጴዛ ወረቀት ላይ ነደፉት። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል አስገባ። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። በር ተከፈተልን፤ የድሮው ልማድ ግን ከፕሮግራመሩ ጭንቅላት አልወጣም።

ከእኔም ጭንቅላት አልወጣም ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ፎርም ስንሠራ፣ ለመቆጠብ ብዬ የስም ሳጥኑን 20 ባይት አደረግሁት። ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ! ለካ የሙከራ ስሞቹን ሁሉ በላቲን ፊደል ነው የጻፍናቸው። ወልደገብርኤል በላቲን 12 ባይት ነው፤ በአማርኛ ግን 8 ፊደል ሲባዛ በ3፣ 24 ባይት። ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዛውንት የታተመላቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። “ወልደገብር” ይልና ከዚያ የጥያቄ ምልክት። “ልጄ፣ ኤልን የት ጣልከው?” አሉኝ። ስሙ ውስጥ “ኤል” ማለት እግዚአብሔር ነው፤ እኔ 4 ባይት ለመቆጠብ ቆርጬ ጣልኩት። አፈርኩ።

ማስተካከያው ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ በባይት ሳይሆን በፊደል መቁጠር፣ ቴስቱ ውስጥም የአማርኛ ስም መጨመር። ጦጣዋ እኮ የምትመታው ኪቦርዷ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ቴስት የሚያውቀው ያሳየነውን ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና ቴስታችሁ ውስጥ የአያታችሁን ሙሉ ስም በፊደላችን አስገቡ። ቀይ ከሆነ እሰየው፤ አያታችሁ ሳያዩት እናንተ አያችሁት ማለት ነው።

የእናንተስ ስም ተቆርጦ ያውቃል? እስቲ ኮመንት ላይ አጫውቱኝ።