የማሽን ትርጕም ታሪክና የእስፓኝኛ ተማሪ

ትርጕም የሚፈልግ ሰውና ቋንቋ የሚማር ሰው ከአንድ መሣሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሻሉ። የመጀመሪያው የሚሻው ያለቀለትን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የሚሻው ዐረፍተ ነገሩ በዚያ መልክ የቆመበትን ምክንያት ነው። የማሽን ትርጕም ከጥንስሱ ጀምሮ የታሰበው ለመጀመሪያው ነው። እስፓኝኛን በዚሁ መሣሪያ ለመማር የሚሞክር አማርኛ ተናጋሪ የሚገጥመውን እንቅፋት ለመረዳት ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዋረን ዊቨር ኮምፒዩተርን ለትርጕም ስለ ማዋል ያሰበውን በማስታወሻ ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር። በ1954 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና አይ.ቢ.ኤም. በኒው ዮርክ ባሳዩት ሙከራ፣ ኮምፒዩተር በ250 ቃላትና በ6 የሰዋስው ሕጎች ከ60 የሚበልጡ የሩስያኛ ዐረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ዳሩ ግን በ1966 አንድ የአሜሪካ የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ የማሽን ትርጕም ከሰው ትርጕም ይልቅ ዘገምተኛ፣ ትክክለኛነቱ ያነሰና ዋጋው የበዛ መሆኑን ስላስታወቀ ለምርምሩ የሚሰጠው ገንዘብ ተመናመነ።

እስፓኝኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅት ከእስፓኝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰውን «ስፓናም»ን በ1980፣ ተገላቢጦሹን «ኤንግስፓን»ን በ1985 ሥራ ላይ አዋለ። ማሽኑ ያወጣውን ጽሑፍ ግን ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቁ ተርጓሚዎች ያርሙት ነበር። ተማሪው እንዲህ ያለ አራሚ የለውም፤ እርሱ ራሱ ማረም ቢችል ኖሮ ተማሪ ባልሆነ ነበር።

የቀድሞው ማሽን ስሕተት ብዙ ጊዜ ከንግግሩ መሰባበር ይታወቅ ነበር። በ2016 ጉግል አማርኛን በትርጕም አገልግሎቱ ውስጥ አስገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዝኛና እስፓኝኛን ጨምሮ በጥቂት ቋንቋዎች በነርቭ መረብ አምሳል የተሠራውን ዘዴ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ለስላሳ ሆነ፤ ስሕተቱም በልስላሴው ሥር ተሸሸገ።

ተጣማሪ ጽሑፍ ባነሳቸው ቋንቋዎች መካከል በእንግሊዝኛ በኩል መሻገር የተለመደ ዘዴ ነው፤ እንግሊዝኛን በዚህ አገልግሎቱ «የድልድይ ቋንቋ» ልንለው እንችላለን። «ደክሞሻል?» ስንል ግሡ ብቻውን ተደራሲዋ ሴት መሆኗንና ቅርበትን ይነግረናል። እስፓኝኛም «ኤስታስ ካንሳዳ?» ብሎ ሁለቱንም ይገልጻል። በድልድዩ ላይ ግን የእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም «ዩ» ጾታንም አክብሮትንም አይለይም፤ ስለዚህ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ለወንድ የሚባለው «ካንሳዶ» ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቋንቋዎች በጋራ የያዙት ሀብት በሦስተኛው ድህነት ጠፋ ማለት ነው። «ደክሞዎታል?» ሲሆን ደግሞ አማርኛው ራሱ ጾታን ስለማይለይ፣ እስፓኝኛው ግን ስለሚጠይቅ፣ ማሽኑ ሳይጠይቅ ይገምታል።

በሌላ በኩል እኛ በአንዱ «ነው» የምንገልጸውን እስፓኝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። «ኤስ ሊስቶ» ብልህ ነው ማለት ነው፤ «ኤስታ ሊስቶ» ዝግጁ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ተገቢውን ቢመርጥ እንኳ የመረጠበትን ምክንያት ካልነገረው፣ ተማሪው መልሱን እንጂ ሕጉን አላገኘም።

እንግዲህ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚጠበቀው፣ አማርኛንና እስፓኝኛን ያለ ድልድይ ፊት ለፊት ማገናኘት፣ በየቃሉም ሥር ጾታን፣ አክብሮትንና የሁለቱን «ነው» ልዩነት በምሳሌ ማስፈር ነው። ተማሪውም አስቀድሞ በራሱ ይጻፍ፤ ማሽኑን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ፤ ልዩነት ባገኘበትም ቦታ ወደ ሰዋስው መጽሐፍና ወደ መምህሩ ይመለስ።