የደራሲያን የኢሜይል ዜና መጽሔት

የደራሲ የኢሜይል ዜና መጽሔት (በተለምዶ ኒውስሌተር) አንድ ደራሲ ፈቅደው ለተመዘገቡ አንባቢዎቹ በየጊዜው በኢሜይል የሚልከው ጽሑፍ ነው። ይዘቱ ወግ፣ ግጥም፣ አጭር ልቦለድ፣ ከአዲስ መጽሐፍ የተቀነጨበ ምዕራፍ ወይም የመጽሐፍ ምረቃ ጥሪ ሊሆን ይችላል። ከማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ዋናው ልዩነቱ የአንባቢዎቹ አድራሻ ዝርዝር በደራሲው እጅ መሆኑ ነው። ደራሲው የሚልክበትን አገልግሎት ቢቀይር ዝርዝሩን ይዞ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ደራሲያን ከአንባቢ ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው በፌስቡክና በቴሌግራም ስለሆነ ኢሜይል ለዚህ ሥራ ብዙም አልተለመደም።

ታሪካዊ ዳራ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ያፈራው በጋዜጣ፣ በመጽሔት፣ በመጻሕፍት መደብርና በሬዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ መጽሐፉን ላላነበቡ ሰዎች ጭምር ደርሷል። በእነዚህ መንገዶች ግን ደራሲው አንባቢው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያውቅበት ዘዴ አልነበረውም። ሁለተኛ መጽሐፍ ሲያሳትም የመጀመሪያውን የገዙትን ሰዎች መልሶ የሚያገኝበት መንገድም አልነበረም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል መጻጻፍ ሲጀምሩ የግዕዝ ፊደል ትልቅ እንቅፋት ሆኖ ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለነበረው ላኪው የተጠቀመበት ፎንት የሌለው ተቀባይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ብቻ ይደርሱት ነበር። ብዙዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። ለዚህም ሴራ የተባለው ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከአዘጋጆቹ መካከል ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ በኋላ አማርኛ ጽሑፍ በየትኛውም መሣሪያ ሳይበላሽ የሚደርስበት መሠረት ተጣለ።

ከዚያ በኋላ ፌስቡክ ለአማርኛ ጸሐፊያን ዋና መድረክ ሆነ። አሌክስ አብርሃምን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች መጀመሪያ በፌስቡክ ተነብበው ኋላ መጽሐፍ አሳትመዋል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ቻናል የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር ብዙ ጸሐፊዎች ወደዚያም ገቡ።

አሠራር

ደራሲው በመጀመሪያ መመዝገቢያ ቅጽ ያዘጋጃል። የቅጹ አድራሻ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ በኪውአር ኮድ ሊታተም፣ በምረቃ ዝግጅት ላይ ሊለጠፍ ወይም በቴሌግራም ቻናሉ ሊነገር ይችላል። መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው ለመመዝገብ ከሁሉም የቀረበ ስለሆነ የመጨረሻው ገጽ ጥሩ ቦታ ነው። ተመዝጋቢው በሚደርሰው ማረጋገጫ መልእክት ፈቃዱን ደግሞ ቢገልጽ በስህተት የተጻፉና በሌላ ሰው ስም የተሰጡ አድራሻዎች ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

ጽሑፉ ቀኑን ጠብቆ ቢላክ፣ ለምሳሌ በወር አንድ ጊዜ፣ አንባቢው ላኪውን አይረሳም። የሽያጭ ማስታወቂያ ብቻ የሚልክ ደራሲ ተመዝጋቢዎቹን ቶሎ ያጣል። በዓመቱ ውስጥ የሚነበብ ነገር ሲልክ የቆየ ግን መጽሐፉ ሲወጣ ለሚያውቁት ሰዎች ይናገራል። ጦር ኃይሎች አካባቢ የሚኖር ደራሲ የአዲስ አበባ ተመዝጋቢዎቹን ለምረቃ ሲጠራ በዋሽንግተን ላሉት ደግሞ መጽሐፉ የሚገኝበትን መንገድ ለይቶ ሊጽፍ ይችላል።

አንባቢው በቀጥታ መልስ መጻፍ መቻሉም ሌላ ጥቅም ነው። መልሱ ለደራሲው ብቻ ስለሚደርስ በአደባባይ አስተያየት የማይሰጡ ሰዎችም ይጽፋሉ።

ከግዕዝ ፊደል ጋር የተያያዙ ጉዳዮች

በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ባይት ነው። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ የሚበልጥን መልእክት ቆርጦ ስለሚያሳይ አማርኛ ጽሑፍ ወደዚህ ወሰን ቶሎ ይደርሳል። የቅርጽ መስጫ ኮዱ ሳይታሰብ ወሰኑ 34 ሺህ ያህል ፊደል ነው። ረጅም ልቦለድ በክፍል በክፍል ቢላክ ችግሩ ይቀረፋል።

ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መላክ አይመከርም። ፎቶ ዳታ ይበላል፣ በፍለጋ አይገኝም፣ ለዓይነ ስውራን በሚያነብ ሶፍትዌርም አይነበብም። አጭር የስልክ መልእክት አማራጭ ቢሆንም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል 160 ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በቴሌግራም ቻናል ደራሲው የተከታዮቹን ቁጥር ያያል እንጂ አድራሻቸውን አያገኝም። ቻናሉ ቢዘጋ ወይም ቢሰረቅ አንባቢዎቹን የሚጠራበት ሌላ መንገድ የለውም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ለአምስት ወራት ያህል ታግደው በነበረበት ጊዜ ይህ በግልጽ ታይቷል። ቪፒኤን ያልተጠቀመ አንባቢ እነዚህን ገጾች ማየት አልቻለም፤ ኢሜይል ግን የእገዳው አካል አልነበረም። በሌላ በኩል ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሆነው ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ኢሜይልም አይሠራም።

ቴሌግራም ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ያለ ደራሲው ፈቃድ በፒዲኤፍ የሚሰራጩበት ቦታም ነው። ድርጊቱን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል። ኒውስሌተር ስርቆቱን አያስቆምም፤ ደራሲው መጽሐፉ በሕጋዊ መንገድ የት እንደሚሸጥ ለአንባቢው በቀጥታ እንዲነግር ግን ያስችላል።

ክፍያ የሚጠይቅ ኒውስሌተር ማዘጋጀት ለአገር ውስጥ ደራሲ አስቸጋሪ ነው። ሰብስታክ ክፍያ የሚሰበስብበት ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለሚገኙ ሻጮች አገልግሎት አይሰጥም። ስለዚህ የተለመደው አማራጭ ኒውስሌተሩን በነጻ ልኮ መጽሐፉን በቴሌብር ወይም በባንክ መሸጥ ነው።

ሕግና የቴክኒክ ግዴታ

የኢሜይል አድራሻ የግል መረጃ ስለሆነ በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ከሌላ ሰው ዝርዝር የተገለበጠ ወይም የተገዛ አድራሻ መጠቀም ሕጋዊ ችግር ከማስከተሉም በላይ ተቀባዮች መልእክቱን ስፓም እንዲሉት ያደርጋል። እያንዳንዱ መልእክት ከዝርዝሩ መውጫ ማስፈንጠሪያ ሊኖረው ይገባል።

ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ሰው የሚልኩ ላኪዎች ማንነታቸውን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ በተባሉት ሥርዓቶች እንዲያረጋግጡ ይጠይቃሉ። ጂሜይል ይህን በሙሉ የሚያስገድደው በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ለሚልኩት ነው። በነጻ የጂሜይል አድራሻ ስም በሌላ አገልግሎት በኩል የሚላክ መልእክት ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል የራስ ዶሜይን መያዝ ይመረጣል።

ውሱንነት

ብዙ ኢትዮጵያውያን ኢሜይል የሚከፍቱት ለሥራ ወይም ለትምህርት ጉዳይ ነው፤ አንዳንዶች ስልካቸውን ሲያስጀምሩ የተከፈተላቸውን አድራሻ አያስታውሱም። ዝርዝሩ የሚያድገውም ከቴሌግራም ቻናል በዘገየ ፍጥነት ነው። ምን ያህል ሰው መልእክቱን እንደከፈተ የሚያሳየው ቁጥርም ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባስተዋወቀው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ያልተነበበ መልእክት እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። የተሻለው መለኪያ የደረሰው መልስና የተሸጠው መጽሐፍ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ኢሜይል ለኢትዮጵያዊ ደራሲ የቴሌግራም ምትክ ሳይሆን መጠባበቂያው ነው፤ አዲስ አንባቢ በቻናሉ ይመጣል፣ የመጣው በዝርዝሩ ይያዛል።