ናዳ

«ናደ» ካብ ወይም ግንብ አፈረሰ ማለት ነው፤ «ናዳ» ደግሞ ከገደል ተንዶ የሚወርደው አፈርና ድንጋይ። «የበረዶ ናዳ» ሲባል ግን ብዙዎቻችን የሚታየን እየተንከባለለ የሚመጣ ድቡልቡል በረዶ ነው (ፊልም ያሳተን ይመስለኛል)። ገዳዩ ሌላ ነው። በኮሎራዶ ተራሮች በጥቅምትና በኅዳር የወደቀው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት እንደ ስኳር ይላላል። ኋላ ነፋስ ያከማቸው ጠጣር ንብርብር በላዩ ይተኛል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ሰው ሲረግጠው የታችኛው ይከዳል፤ የላይኛው ተሰንጥቆ ባንድ ጊዜ ይሄዳል። ሰው ከሚሞትባቸው ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሰው ተጎጂው ራሱ ወይም የጉዞ ጓደኛው ነው። ናዳው ናጅ አለው ማለት ነው። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ ከጥርጊያው መንገድ ወጥታችሁ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የናዳ ትንበያ እዩ። ከ5ቱ የአደጋ ደረጃዎች 3ኛው መካከለኛ መስሎ አያዘናጋችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በእሱ ነው።