ስለ «ክራክል» እና ስለ ዘመዶቹ

ድምፅን ከሚገልጡት የእንግሊዝኛ ግሶች መካከል «ክራክ» ደረቅ ነገር አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ሲያመለክት፣ በመጨረሻው ላይ የመደጋገም ምዕላድ የተጨመረበት «ክራክል» ግን እሳት እንደ ያዘው ጭራሮ በጥቂት በጥቂቱ ሳያቋርጡ መንጣጣትን ይናገራል። «ሂስ» ለእባብና ከጠባብ ቀዳዳ ለሚወጣ እንፋሎት፣ «ሲዝል» በጋለ ምጣድ ላይ ቸስ ለሚል ስብ የተሰጡ ናቸው፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያሻም፣ አፍ ሲጠራቸው ጆሮ ትርጓሜያቸውን ያገኘዋልና።

ምርምር የሚገባው ከሮማይስጥ የተወረሰው «ክሬፒቴት» ነው። ይህ ግስ ከገበያና ከማድቤት ርቆ በተለይ በሐኪሞች ዘንድ የሚኖር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 የደረት ማዳመጫን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ላዬኔክ፣ ሳንባው በታመመ ሰው ደረት ውስጥ የሰማውን ረቂቅ መንጣጣት በጋለ ዕቃ ላይ ከተጣለ ጨው ድምፅ ጋር አመሳስሎ፣ ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ሰየመው። ምሳሌውና ቃሉ እንዲህ መግጠማቸው ያስደንቃል፤ በጨው ቅንጣት ውስጥ ታስሮ የነበረው ውሃ በእሳት ኃይል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅንጣቱን ሲያፈነዳው፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ነገሩን «ዲክሬፒቴት» በሚል የዚያው ዘር ግስ ይጠሩታልና።

«ፊዝል» ግን ትውልዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ዛሬ በታላቅ ጉጉት የተጀመረ ነገር ከስሞ መቅረቱን ቢገልጥም፣ በ16ኛው ምዕት ዓመት ድምፅ ሳያሰሙ ፈስ መልቀቅን ያመለክት ነበርና፣ በከበረ ጉባኤ የሚናገሩበት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ሌላ ግስ በመረጡ ነበር።