የምግብ ቤት ዕቃና የንጽሕና መገልገያ አመራረጥ

የምግብ ቤት ዕቃና የንጽሕና መገልገያ ሲባል ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ድርጅት፣ ሆቴልም ይሁን ክትፎ ቤት፣ የተማሪ ካፌም ይሁን የድግስ አዘጋጅ፣ ምግቡን ለማብሰል፣ ለማስቀመጥ፣ ለማጓጓዝና ለማቅረብ የሚገለገልበትን ዕቃ ሁሉ ያጠቃልላል። ዕቃውን፣ ቦታውንና የሠራተኛውን እጅ ለማጽዳት የሚገዛው ሳሙና፣ በረኪና፣ ጓንትና ፎጣም ከዚሁ ይቆጠራል። ሁለቱን ለያይቶ መግዛት የተለመደ ቢሆንም አብረው መታየት አለባቸው። ዕቃው የተሠራበት ነገር በምን እንደሚታጠብ ይወስናል፤ የሚታጠብበት ነገር ደግሞ ዕቃው ምን ያህል ዘመን እንደሚያገለግል ይወስናል። ድስቱ ከአንድ ነጋዴ፣ ሳሙናው ከሌላ፣ ሁለቱም በዋጋ ብቻ ተመዝነው ሲገዙ ኪሳራው ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ገዢው ከዋጋ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ዕቃ በእኔ ውሃ፣ በእኔ ሠራተኛ እጅ፣ በየዕለቱ እንዴት ይታጠባል?» የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፤ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ ወደ ሲሶ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ የምግብ ደህንነት ቁጥጥር የሚመራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በአገር ደረጃ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በየአካባቢው ደግሞ የክልልና የከተማ ተቆጣጣሪዎች ይሠራሉ። ዓለም አቀፉ መነሻ የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ አሊመንታሪየስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው የምግብ ንጽሕና መርሆዎች ሰነድ ነው። ሰነዱ ስለ ዕቃ የሚለው ባጭሩ ሲነገር ምግብ የሚነካው ገጽ ልሙጥ፣ ውሃ የማይመጥ፣ ወደ ምግቡ ምንም የማይለቅና በቀላሉ የሚጸዳ ይሁን ነው።

ዕቃው የተሠራበት ነገር

ለንግድ ወጥ ቤት ከሁሉ የሚመረጠው ስቴንለስ ስቲል ነው። ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ከሠራው ወዲህ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ማጠቢያ ገንዳና ድስት በአብዛኛው ከዚሁ ይሠራል። ነገር ግን ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው፤ ለአብዛኛው ምግብ ይበቃል። 316 ሞሊብዲነም ስለሚጨመርበት ጨውና አሲድ ይበልጥ ይችላል። 201 ግን በኒኬሉ ፋንታ ማንጋኒዝ የበዛበት ርካሽ ዓይነት ስለሆነ ጨው በበዛበት ቦታ ቶሎ ይዝጋል። ብዙ ገዢ ማግኔት አስጠግቶ ካልሳበው «ጥሩ ነው» ይላል፤ ይህ ፈተና 304ንና 201ን አይለይም፤ ሁለቱም ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም። ከሻጩ የዓይነቱን ቁጥር በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ ይሻላል። ስቴንለስ ላይ የሚታየው የዝገት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በረኪና ሳይለቀለቅ ስለሚያድርበት ወይም በተራ የብረት ሽቦ ስለሚፈተግ ነው።

አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ፣ እሳትም ቶሎ የሚቀበል በመሆኑ ለትልልቅ ድስት ይመረጣል። ደካማ ጎኑ አሲድ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ሆምጣጤና የቦካ ሊጥ ያሟሙታል፤ ቀይ ወጥ አድሮበት ሲገኝ ውስጡ የሚጠቁረውና የሚሻክረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወጥ ሊሠራበት ይችላል፤ ሊቀመጥበት ግን አይገባም። ከዚህ የከፋው ከየዓይነቱ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በእጅ የሚሠራው ድስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን በተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት አሲድ ያለው ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚለቁ አሳይቷል። እርሳስ በዓይን አይታይም፤ በእጥበትም አይወጣም። የጥሬ ዕቃው ምንጭ የማይታወቅ ድስት ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ለሚመግብ ቤት በምንም ዋጋ ተገቢ አይደለም።

የሸክላ ድስትና ምጣድ የአገራችን ወጥ ቤት መሠረት ናቸው፤ ለሽሮና ለእንጀራ የሚሰጡት ጣዕም በሌላ አይተካም። ሸክላው ያልተቀባ በመሆኑ ግን ቀዳዳማ ነው፤ ላርጎ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሳሙናውን ይጠጣና በሚቀጥለው ወጥ ላይ ይተፋዋል። በሙቅ ውሃና በብሩሽ ወዲያው ታጥቦ፣ እሳት ወይም ፀሐይ ዳር በደንብ ደርቆ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሸክላ የሚገዛ ቤት የማድረቂያ ቦታ አብሮ ያስባል፤ ተለዋጭ ድስቶችም ያዘጋጃል። መሶብም እንዲሁ ነው። ከሣር የተሰፋ ስለሆነ እንደ ሳህን አይታጠብም፤ ምግብ በቀጥታ ሊነካው አይገባም። በየጊዜው ወጥቶ የሚታጠብ ትሪ ልኩን ይገዛለታል። የኤናሜል ትሪ ከተመረጠ ጠርዙ የተላጠው ወዲያው ይወገዳል፤ ስባሪው ከእንጀራው ጋር ሊበላ ይችላል፤ ከተላጠው ሥርም ዝገት ይጀምራል።

ስለ መክተፊያ ብዙዎች «ፕላስቲክ ንጹሕ፣ እንጨት ቆሻሻ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዲን ክሊቨር የተባሉ አሜሪካዊ የምግብ ደህንነት ተመራማሪ ያገኙት ውጤት ይህን እምነት ያናጋል። ባክቴሪያ እንጨት ውስጥ ሰርጎ ቀስ በቀስ ሲሞት፣ በቢላዋ በተሸረካከተ ፕላስቲክ ስንጥቆች ውስጥ ግን እጥበት ሳይነካው ሊቆይ ይችላል። ከዚህ የሚገኘው የግዢ መመሪያ ግልጽ ነው፦ ፕላስቲክ መክተፊያ ሲሸረካከት የሚጣል አላቂ ዕቃ ተብሎ በጀት ይያዝለት፤ እንጨቱም ስንጥቅና መጋጠሚያ የሌለው ጠንካራ ግንድ ይሁን።

ፕላስቲክ መያዣ ሲመረጥ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ይፈለጋል፤ ምልክቱ ዕቃው ምግብ እንዲነካ መሠራቱን ያመለክታል። ባዶ የቀለም ባልዲ አጥቦ ሊጥ ማቡኪያ ወይም ቅቤ ማስቀመጫ ማድረግ በብዙ ቦታ ይታያል። ባልዲው ለቀለም የተሠራ ነው፤ ቅባትና አሲድ ከፕላስቲኩ ውስጥ የሚያወጡትን ነገር ማጠብ አይከላከለውም። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

የጾምና የፍስክ ዕቃ

በብዙ አገሮች የንግድ ወጥ ቤት መክተፊያና ቢላዋ በቀለም ይለያል። በብሪታንያ በተለመደው አሠራር ቀይ ለጥሬ ሥጋ፣ ሰማያዊ ለጥሬ ዓሣ፣ ቢጫ ለበሰለ ሥጋ፣ አረንጓዴ ለሰላጣና ፍራፍሬ ነው። የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ይህን ሥርዓት ለመቀበል ከማንም የተሻለ ዝግጅት አለው፤ የጾም ድስትና ጭልፋ ከፍስኩ ለይቶ መያዝን ሠራተኛው ከቤቱ ይዞት ይመጣል። መለያው አንድ እርከን ብቻ ይጎድለዋል፤ ከፍስኩ ውስጥ ጥሬው ከበሰለው መለየት አለበት። ክትፎና ቁርጥ የሚያቀርብ ቤት ይህን ካላደረገ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ተቆርጦበት በጨርቅ የተጠረገ መክተፊያ ላይ ሰላጣ ሲከተፍ በእሳት የሚሞት ነገር ሁሉ ሳይሞት ወደ ገበታ ይወጣል። ባለቀለም ዕቃ ባይገኝ እጀታው ላይ የማይለቅ ቀለም መቀባት ይበቃል።

ሳሙናና በረኪና

ማጽዳትና ተህዋስያንን መግደል ሁለት ሥራ ነው። ሳሙና ቅባትንና ቆሻሻን ያነሳል፤ በረኪና ወይም ሙቀት የቀረውን ተህዋስ ይገድላል። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይችልም፤ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የምግብ ትርፍራፊ ሲያገኝ በእርሱ ላይ ያልቃል። ጀርመናዊው የሄንክል ኩባንያ ኬሚስት ኸርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስረዱት እጥበት በአራት ነገሮች ይሠራል፦ በኬሚካል፣ በፍትጊያ፣ በሙቀትና በጊዜ። አንዱ ሲቀነስ ሌላው መጨመር አለበት። ሙቅ ውሃ የሌለው ወጥ ቤት ሳሙናና ጉልበት አብዝቶ እንደሚያወጣ ከዚህ ይታያል፤ የውሃ ማሞቂያ መግዛት አንዳንዴ ዋናው የሳሙና ቁጠባ ነው።

የፈሳሽ ሳሙና ዋጋ የሚነጻጸረው በጀሪካን ሳይሆን ተበጥብጦ በሚወጣው ውሃ ነው። ለምሳሌ 5 ሊትር በ500 ብር የሚሸጥ ሳሙና አንዱ ሊትር በ20 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ከሆነ 100 ሊትር ያህል ማጠቢያ ይሰጣል፤ የሊትሩ ዋጋ 5 ብር ነው። 5 ሊትሩ 1,200 ብር የተባለው ሌላው አንዱ በ100 የሚበጠበጥ ከሆነ ለ500 ሊትር ያህል ስለሚያገለግል ሊትሩ ከ2 ብር ተኩል አይበልጥም። ይህ የሚሠራው ግን መለኪያ ካለ ነው። ሠራተኛው በግምት ከጨመረ ውዱ ሳሙና ከርካሹ ይብሳል፤ የመለኪያ ኩባያ ወይም የግፊት ክዳን ከሳሙናው ጋር ይገዛ።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በገበያ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። ለታጠበ ሳህንና ለጠረጴዛ በሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይበቃል። ይህም 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር መጨመር ማለት ነው። ዕቃው ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቆይበታል። ሽታው አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ማብዛት ለታጠበ ዕቃ አያስፈልግም፤ ብረቱን ይበላል፣ የሠራተኛውን እጅ ይልጣል። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ስለሚያጣ የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ የተደረደረ አይገዛም። የፈላ ውሃ ውስጥ አይጨመርም፤ ከሆምጣጤ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባን ያቃጥላል። ከሁሉ አደገኛው በጅምላ ገዝቶ በሃይላንድ ጠርሙስ መቅዳት ነው። ውሃ የሚመስል መርዝ በውሃ ጠርሙስ ወጥ ቤት ውስጥ ካለ የሚጠጣው ሰው መገኘቱ አይቀርም። የኬሚካል ዕቃ የራሱ ቁምሳጥንና በአማርኛ የተጻፈ መለያ ይኑረው።

ከበረኪና ሌላ ኳተርነሪ አሞኒየም የሚባሉት ሽታ አልባ ማጽጃዎች አሉ፤ ብረት አይበሉም። የሳሙና ቅሪትና ጠንካራ ውሃ ግን ያዳክማቸዋል፤ ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት ከተማ ከመግዛት በፊት የምርቱ መግለጫ ስለ ውሃ ጥንካሬ የሚለው ይነበባል። ኬሚካል ያለመጠቀም አማራጭም አለ፦ ቢያንስ 77 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ30 ሰከንድ መንከር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ የሽቦ ቅርጫትና ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

የታጠበው በመደርደሪያ ላይ ተደፍቶ በአየር ይድረቅ። ከጠዋት እስከ ማታ ትከሻ ላይ የምትውል አንዲት ፎጣ በሳሙናና በበረኪና የተደከመበትን ሁሉ ታበላሻለች። ለፎጣ ግዢ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ማድረቂያ መደርደሪያ ቢዞር ይበጃል።

እጅ

በእጅ በሚበላ ገበታ የእንግዳውም እጅ ከዕቃው ይቆጠራል። በማስታጠቢያ ማስታጠብ የቆየ ክብር ነው፤ ሳሙና ካልተጨመረበት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮቶ የግድ ነው፤ ሮቶውም ክዳኑ የሚገጥም፣ ሰው ገብቶ ወይም በረጅም ብሩሽ ሊያጥበው የሚችል ይሁን። የፈሳሽ ሳሙና መያዣ ሲጎድል በላዩ ላይ መሙላት ባክቴሪያ ያራባል፤ ባዶውን አጥቦና አድርቆ መሙላት ወይም ተቀያሪ ከረጢት ያለውን መግዛት ይሻላል። አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ቅባት በያዘ እጅ ላይ ደካማ ነው፤ ተቅማጥና ትውከት በሚያስከትለው ኖሮቫይረስ ላይም እንዲሁ፤ ሳሙናን አይተካም። ጓንትም ብር ተቀብሎበት እንጀራ ከተነሳበት ከባዶ እጅ አይሻልም። ገንዘብ ተቀባይና ምግብ አቅራቢ መለየት ከብዙ ካርቶን ጓንት ይበልጣል።

ድግስና ቴክአዌይ

የድግስ አዘጋጅ ዋና ጠላት ለብታ ነው፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል። በትልቅ ድስት ተሠርቶ በዚያው የሚያድር ወጥ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ይህን ነው። ስለዚህ ለሠርግ የሚገዛው ሌላ ግዙፍ ድስት ሳይሆን ወጡን ከፍሎ ማቀዝቀዣ ጎድጓዳ ያልሆኑ ሰፋፊ ትሪዎች፣ ለቡፌውም ከሥሩ ሙቅ ውሃ የሚይዝ ማሞቂያ ነው። ከእድር ወይም ከኪራይ ቤት የሚመጣ ሳህን ታጥቦ ቢመጣም ከመቅረቡ በፊት እንደገና ይታጠባል፤ በአቧራና በጆንያ አልፎ ነው የሚደርሰው።

ትኩስ ወጥ በፌስታል ማሠር በጤናም በሕግም ያበቃለት አሠራር ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጡ ስስ ፌስታሎችን አስቀድሞ ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን ከለከለ። ምትኩ ሲመረጥ ለቀይ ወጥ ክዳን ያለው የፖሊፕሮፒሊን ሳህን ከአሉሚኒየም ፎይል ይሻላል፤ ፎይሉን አሲዱና ጨው ይበሱታል። ለእንጀራ ወረቀት ተስማሚ ነው፤ ትኩሱ በታፈነ ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልበው ቶሎ ይሻግታል። ድፎ ዳቦና ክትፎ በኮባ ማቅረብም ከጌጥነቱ ባሻገር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቅጠሉ ግን በሁለቱም ገጹ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ተለብልቦ መቅረብ ይኖርበታል።