ከወሎንኮሚ እስከ ፐርዱ

ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ1950 ወሎንኮሚ በምትባል የምዕራብ ሸዋ መንደር፣ ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው ተነሡ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ከተማም ማደሪያ ፈለጉለት። ልጁ እሑድ ማታ በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ሲማር ይሰነብትና ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እንዲህ ያለውን ተማሪ የሚቸግረው ጭንቅላት ሳይሆን ቀለብ ነው።

መላው የተገኘው ጅማ ላይ፣ ተማሪዎቹን እየቀለበ በሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው፣ “ፖይንት ፎር” በተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በመጡ ባለሙያዎች ድጋፍ ነበር። የአለማያ እርሻ ኮሌጅም የዚሁ ትብብር ፍሬ ነው። ገቢሳ ሁለቱንም አዳርሰው በ1973 በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲው የማሽላ ተመራማሪ ከጆን አክስቴል ጋር ተገናኙ። አክስቴል በመጀመሪያ የአገር ቤት የማሽላ ዝርያዎችን አብረው እንዲሰበስቡ ጋበዟቸው፤ ቀጥሎም ተማሪያቸው አደረጓቸው። በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው ትምህርት በ1978 በዶክትሬት ተጠናቀቀ።

ወጪው መና አልቀረም። ዶክተር ገቢሳ ሱዳን ውስጥ ያዳቀሉት፣ ድርቅ የሚቋቋመው “ሃጊን ዱራ አንድ” የተባለ ማሽላ በ1983 ለገበሬው ደረሰ። ከዚያም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠውን አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ፤ በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።